ነገረ ፈጅነት እረፍት የመሰላችሁ

«ከጥብቅና ቢሮ ወጥቶ ድርጅት መግባት እኮ ማረፍ ነው» የሚለውን ሰው ለአንድ ሳምንት ነገረ ፈጅ አድርጎ ማስቀመጥ ነበር! ቢሮ እያለህ ደንበኛ ሰነዱን ይዞ መጥቶ፣ ምክርህን ሰምቶ፣ ከፍሎ ይሄዳል። እዚህ ግዥውም፣ ፋይናንሱም፣ ሰው ሀብቱም ደንበኛ ነው፤ የሚከፍል ግን የለም። ውሉ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል፦ «ቶሎ እይልን፣ ሰኞ ይፈረማል»። ስትገልጠው ቅድመ ክፍያው ያለ ዋስትና እንዲከፈል ተጽፏል።

የስንብቱ ነገርማ አይነሳ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱን፣ ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ያጣዋል። ፋይሉ ግን ከዲሲፕሊን ኮሚቴ ወደ ሥራ አስኪያጅ ሲንከባለል ከርሞ፣ በሦስተኛው ወር አንተ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ክሱን ስትሸነፍ «ሕግ ክፍሉ አስበላን» ይባላል።

ውክልናውስ? «በፍርድ ቤት ይከራከርልኝ» ብቻ ብለው ያስጽፉልሃል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 ደግሞ ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ዳኛው «ለምን በስምምነት አትጨርሱትም?» ሲሉ ቀጠሮ ትለምናለህ፤ ከዚያ እንደገና የሰነዶች ማረጋገጫ ሰልፍ።

ቅጥሩን ከመፈረም በፊት የሚጠየቀው አንድ ነው፦ ውል ሕግ ክፍል የሚደርሰው ከፊርማ በፊት ነው በኋላ? «እንደ ሁኔታው» ካሉህ የድሮ ቢሮህን ቁልፍ አትመልስ።