ስልካችሁን አውርዱ

የሰፈሬ ሰዎች፣ ያን ቀን ታክሲ ተራው ላይ የነበራችሁ፣ ዛሬስ ሳልናገራችሁ አላድርም።

ግንቦት ውስጥ ነው፣ ማለዳ። ያካፋል። ሰልፉ ዳቦ ቤቱ ድረስ ደርሷል። የጎረቤቴ ልጅ፣ ገና 16 ዓመቱ፣ ሸሚዙን አውልቆ ከአንዱ ታክሲ ወደ አንዱ እየሮጠ ታርጋ ያነባል። ጮክ ብሎ ያነብና ቁጥሮቹን ይደምራል፤ ከዚያ "ዛሬ ነው፣ ዛሬ ነው የሚገድሉኝ" ይላል። ሱሪውን መፍታት ሲጀምር አንዱ ሳቀ። ወዲያው ስልኮች ወጡ። ቆጥሬያለሁ፣ አስራ አንድ ናቸው። አንዱ ረዳት "ወደዚህ ዙር፣ ፊትህ አይታይም" አለው፤ ልጁም ታዞ ዞረ።

እናቱ በባዶ እግሯ ደረሰች። ነጠላዋን ገፈፍ አድርጋ ልትሸፍነው ስትታገል፣ የመሥሪያ ቤት ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎልማሳ፣ ስልኩን እንደደቀነ፣ "ማዘር፣ አንዴ ዞር በይልኝ" አላት።

ማዘር ብሎ ነው የጠራት! እሱን ይቅር ማለት አቅቶኛል፤ ሞክሬያለሁ። ማታ ቪዲዮው ሙዚቃ ተጨምሮበት ቴሌግራም ላይ ደረሰኝ። የክፍል ጓደኞቹም አይተውታል።

ልጁ ያን ቀን አይደለም የታመመው። ወሩን ሙሉ እናቱ የጋገረችውን እንጀራ አልበላም ብሎ ነበር፤ ከሱቅ የታሸገ ብስኩትና የታሸገ ውሃ ብቻ፣ እሱንም ክዳኑን ከመረመረ በኋላ። ሌሊት አይተኛም። መስኮቱን በጋዜጣ ለጥፎታል። እኛ ምን አልን? መተት አልን፣ ዓይነ ጥላ አልን፣ "ያ ትዕቢቱ ነው" ያለም አለ። ጠበል ይሂድ፣ እሰየው፤ መድኃኒቱን ይዞ እንዳይሄድ የሚከለክል ሃይማኖት ግን አላውቅም።

ከየት እንደጀመረው አታውቁም? እኔ አውቃለሁ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ጫት ቤት፣ ከጓዳው። ልጆቹ ሳንቲም አዋጥተው በወረቀት የተጠቀለለ ጋንጃ ይገዛሉ። የማውቀው ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ራሴ ከፊት ለፊቱ ክፍል ስለምቅም ነው። ሽታው በመጋረጃው ሾልኮ ሲመጣ "ቅጠል ነው፣ ልጅነት ነው፣ ይተዉታል" ተባብለን ቡና ጨመርን። አንድ ቀን ይኼው ልጅ ዓይኑ ቀልቶ ከጓዳው ሲወጣ ተገጣጠምን። "ጋሼ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት" አለኝ። አልነገርኳትም። ምስጢር ጠባቂ ሰው ነኝ እያልኩ ደግሞ ኮራሁ። ስልክ ካነሡት ከአስራ አንዱ ማናቸውም የእኔን ያህል አልበደሏትም።

ደግሞስ "ቅጠል ነው" ይባላል? በስዊድን ለውትድርና የተመለመሉ ከ45 ሺህ በላይ ወጣቶችን ተመራማሪዎች 15 ዓመት ተከታትለው፣ ውጤቱ በ1987 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሲመለመሉ ጋንጃ ከ50 ጊዜ በላይ አጭሰናል ያሉት፣ ካላጨሱት ይልቅ ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ያጨሰ ሁሉ ያብዳል አላልኩም፤ አብዛኛው አያብድም። ግን የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመቱ ገደማ ገና እየበሰለ ነው፤ በዘሩ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ልጅ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ይጋለጣል። የዚህ ልጅ አጎት ዕድሜውን ሙሉ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሲመላለስ ነው የኖረው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። አደንዛዥ ዕፅ መሸጥንና መጠቀምን የሚከለክለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አለ። ጎረቤት ነው የጠፋው። እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ እንቅልፍና ምግብ ሲጠላ፣ ከሰው ሲሸሽ፣ ዱላ ከማንሣታችሁ በፊት ሐኪም ጋ ውሰዱት። እናንተ ቅዳሜ አብረን የምንቅም፣ ከጓዳው ማን እንደሚወጣ አይታችሁ ለእናቱ ንገሩ፤ ይቀየማችሁ። ቪዲዮውን ያስቀመጣችሁ ደግሞ አጥፉት። ይህን እንኳ ታደርጋላችሁ ብዬ ተስፋ ማድረግ ይደክመኛል፤ ግን ከሰኔ ወዲህ ሁለት ሰዎች በሬን አንኳኩተው "አጥፍተነዋል" ብለውኛል። አንደኛው ያ ረዳት ነው።

ልጁ መድኃኒት ጀምሯል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ወፍሯል፣ ሲያወራ ቀስ ይላል። ትናንት ቡና ጠርተውኝ ገባሁ። እናቱ ትኩስ እንጀራ አቀረበች። ልጁ ቆርሶ ጠቀለለና መጀመሪያ እሷን አጎረሳት። እስክትውጥ አፏን አፏን እያየ ጠበቀ። ከዚያ እሱም በላ።