«የሚያስፈልግዎትን ያህል ጊዜ ይውሰዱ» ብሎ ደሞዝ መቁረጥ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ፣ በማሽን አላሳርመውም።

ዛሬ ከምሳ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ማስታወሻ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የጋሼን የሁለት ቀን ደሞዝ ቀንሺ ይላል። የኛን ሹፌር፣ ጋሼን! እናቱን ቀብሮ ሥራ ከገባ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጥቁሩን አላወለቀም፣ ጢሙን አልተላጨም። ምክንያቱ «ከተፈቀደው የሐዘን ፈቃድ በላይ ከሥራ ገበታ ላይ በመቅረታቸው» ነው። ቀናሿ ደግሞ እኔ ነኝ። በኔ እጅ፣ በኔ ፔይሮል፣ በኔ ፊርማ።

ጋሼ ለምን ሐሙስና ዓርብን ጨምሮ ቀረ? ቆይ ስለተባለ ነዋ! ባለፈው ማክሰኞ ለቅሶ የሄዱት ልጆች የመሥሪያ ቤቱን የሐዘን መግለጫ ደብዳቤ ይዘውለት ሄደው ነበር። አርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። መጨረሻው ላይ «በዚህ አስቸጋሪ ወቅት ለራስዎ እንክብካቤ ያድርጉ፤ የሚያስፈልግዎትን ያህል ጊዜ ይውሰዱ» ይላል። ጋሼ ልጁን አስነብቦ ሰማ። ፍራሽ ላይ ለተቀመጡት ዘመዶቹ «እግዜር ይስጣቸው፣ መሥሪያ ቤቴ እስከ ሰባቷ ቆይ ብሎኛል» አላቸው። ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሰውየው ቃል ተሰጠኝ ብሎ አመነ። እኛ አገር ማኅተም ያለው ወረቀት ይታመናል፣ ምን ያድርግ?

ሕጉን አውቃለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሒሳብ ክፍል ተቀምጬ ካላወቅሁማ ምን ሠራሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ሞት የሚሰጠው ሦስት የሥራ ቀን ከደሞዝ ጋር ነው። ሦስት ቀን ከሆነ ሦስት ቀን ብላችሁ ጻፉለት! «ጋሼ፣ ሐሙስ ይመለሱ» ብትሉት እሮብ ማታ ጫማውን ጠርጎ ያድር ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አርፍዶ የማያውቅ ሰው ነው።

ተነስቼ የሰው ሀብት ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። ሁለት ለልምምድ የመጡ ተማሪዎች አጠገቡ ተቀምጠዋል። ተቀመጪ አላለኝም። በዕድሜ ታላቁ ነኝ፣ እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እሱ «አንቺ» ይለኛል። ይሄንን ለምጄዋለሁ። የዛሬው ግን ሌላ ነው።

«ደብዳቤው እኮ የሚያስፈልግዎትን ያህል ጊዜ ይውሰዱ ይላል» አልኩት።

«እሱማ የማጽናኛ ቃል ነው። ፈቃድ አይደለም።»

«ሰውየው በምን ይለየው? ከሥሩ የርስዎ ፊርማ አለ።»

«እኔ አላልኩትም፣ ሲስተሙ ነው የጻፈው። ኤአይ እንደዚህ ነው የሚጽፈው፣ ስታንዳርድ ነው።»

ሲስተሙ! ሲስተሙ ለቅሶ ደርሶ ያውቃል? ፈራሚው ማን ነው? ሲመሰገን የሱ፣ ሲጠየቅ የሲስተሙ። አባቶቻችን ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይሉ ነበር፤ ዕዳ ደግሞ ባለዕዳ አለው፣ ከሒሳብ ሠራተኛ በላይ ይህን የሚያውቅ የለም።

አላበቃም። ስከራከረው ጊዜ ፈገግ አለና «አንቺ እኮ ችግርሽ ቴክኖሎጂ መጥላት ነው፣ ነይ ላሳይሽ» አለኝ። ባለፈው እሑድ ማታ ለጋሼ እናት ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ያወጣሁትን፣ እሱ ያጠፋውን ማስታወቂያ ኮፒው ነበረውና ቻትጂፒቲ የሚባለው የሚጽፍ ማሽን ላይ ለጠፈው። «ይህ ጽሑፍ ለመሥሪያ ቤት ምን ያህል ፕሮፌሽናል ነው? ከአሥር ስንት ትሰጠዋለህ?» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ስክሪኑን ወደኔ አዞረው። ወደኔ ብቻም አይደለም፣ ተማሪዎቹም እንዲያዩት አድርጎ።

«እየውልሽ። ከአሥር አራት።»

አንደኛዋ ልጅ አንገቷን ደፋች። አፍራ ነው፣ ለኔ አፍራልኝ። የልጄ እኩያ የሆነች ልጅ አፍራልኝ ከዚያ ቢሮ ወጣሁ።

ከአሥር አራት ያገኘው ጽሑፌ ይኸውላችሁ፣ እናንተ ፍረዱ፦

«የጋሼ እናት ዛሬ አርፈዋል። ነፍስ ይማር። ቀብሩ ነገ ሰኞ ስድስት ሰዓት ሰንዳፋ ነው። ሰርቪሱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከግቢያችን ይነሳል፣ ሁለተኛው ሹፌር ይዞን ይሄዳል። መዋጮ ለካሸሯ ስጡ። ጋሼ የስንታችንን ቤተሰብ ሬሳ አድርሶልናልና የቻለ ሁሉ አይቅር።»

ይሄ ነው። የጎደለው ምንድነው? ማን ሞተ፣ የት ነው፣ መቼ ነው፣ በምን እንሄዳለን። ለቅሶ ሌላ ምን አለው?

ያን እሑድ ማታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ኃላፊው ከግሩፑ አጠፋው። በምትኩ ሰባት አንቀጽ ለጠፈ። ሻማ አለው፣ የተጣመሩ እጆች አሉት፣ ነጭ ርግብ አለው። «በደረሰብዎት ኪሳራ የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን» ብሎ ይጀምራል። ኪሳራ! እኔ ኪሳራ የምጽፈው ሒሳብ መዝገብ ላይ ነው። ሱቅ ይከስራል፣ አክሲዮን ይከስራል። እናት ትከስራለች? እናት ታርፋለች፣ እናት ታልፋለች። ቀጥሎ ደግሞ «የእናትዎ ውርስ በሁላችንም ዘንድ ይቀጥላል» ይላል። ይህንን የጋሼ ታናሽ እህት አንብባ «እማዬ ያላት አንዲት ቤት ናት፣ ምን አድርጉ ነው የሚሉን?» ብላለች አሉ። ልቅሶ ቤት ውስጥ ውርስ የሚባል ቃል ማንሳት ምን ማለት እንደሆነ አበሻ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ወንድምና እህት ተካስሰው የሚቀሩበት ቃል ነው። ሬሳው ሳይወጣ!

ከሁሉ የባሰው ግን ሰዓቱ ነው። እኔ ስድስት ሰዓት ብዬ የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ዞሮ ሲመለስ «12:00 ሰዓት» ሆነ። እናንተዬ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት! ግማሹ ሰው ማታ መሰለው። ሰርቪሱ የሚነሳበት ሰዓት ጭራሽ የለም፣ መዋጮው የለም፣ ማሽኑ አሳጥሮት ይሁን አላስፈላጊ ነው ብሎት አላውቅም። ሰባት አንቀጽ ሙሉ ሐዘን አለ፣ ሰንዳፋ መድረሻ የለም። ከአርባ ሁለት ሠራተኛ ቀብሩ ላይ የቆምነው ዘጠኝ ነን። ዘጠኝ! የጥበቃው ሰውዬ ተረኛ ሆኖ ከመቅረቱ በቀር ሌላው ሁሉ መሄድ የሚፈልግ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ጥቁር ነጠላቸውን ይዘው ግቢ ውስጥ የሚጠብቁ ሴቶች አገኘን። «እንዴ፣ ተቀበሩ እንዴ?» አሉን። ማኅደር ክፍል ያለችው እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። የሷ አባት የሞቱ ጊዜ ጋሼ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ደሴ አድርሷታል።

ማስታወቂያዬን ባያጠፋው ኖሮስ? ሻማውን ከሥሩ ቢለጥፈው ምን ነበረበት?

የወንድሜ ልጅ ኮምፒውተር ነው የሚማረው፣ ማታ ስደውልለት አስረዳኝ። ይሄ ነገር አያስብም፣ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የቱ ቃል ይመጣል ብሎ ነው የሚሰፋው፣ ብዙ ያነበበውም እንግሊዝኛ ነው፣ አማርኛው በጣም ትንሽ ነው አለኝ። ስለዚህ ፈረንጅ ለፈረንጅ የሚጽፈውን ሐዘን አምጥቶ አማርኛ አለበሰው። እሺ፣ ማሽኑስ አያውቅም። አጠገቡ የተቀመጠው ሰውስ? እናቱ ዘንድ አላደገም? ለቅሶ አልደረሰም? «እግዚአብሔር ያጽናህ» ለማለት ኢንተርኔት ያስፈልጋል? ለሙስሊሙም «አላህ ይርሐማቸው» አለልን። ለሐዘን የሚሆን ቃል ያጣን ሕዝብ አይደለንም እኮ፤ ሌላው ሁሉ ቢጎድለን ይሄ አልጎደለንም።

ደግሞ ይሄ ስህተት ያልታየ ነገር አይደለም። አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ቫንደርቢልት የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። በየካቲት 2015 በኛ አቆጣጠር ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተማሪዎች በጥይት ተገደሉ። የቫንደርቢልቱ ፒቦዲ ኮሌጅ አንድ ቢሮ ለተማሪዎቹ የማጽናኛ ኢሜይል ላከ። ከሥሩ በቻትጂፒቲ የተዘጋጀ መሆኑ ተጽፎበት ነበር። ተማሪዎቹ ተቆጡ፣ ቢሮውም ይቅርታ ጠየቀ። ይህ ሁሉ የሆነው ቻትጂፒቲ ኅዳር ላይ በወጣ በሦስተኛው ወር ነው። እንግሊዝኛው ያልተበላሸ፣ ቋንቋው የራሳቸው የሆነ ሰዎች ናቸው የተከፉት። የከፋቸው ሰዋስው አይደለማ። ሰው ሞቶ ቁጭ ብሎ ሁለት መስመር የሚጽፍላቸው ሰው በመጥፋቱ ነው። እነሱ ቢያንስ ከሥሩ ጻፉት። የኛ ፈርሞበት ማኅተም መታበት።

አሁን ሁሉም እየመጣብኝ ነው። የሐምሌው ደብዳቤ ትዝ ይላችኋል? «የጋራ ጉዟችንን በአዲስ ምዕራፍ» ምናምን የሚለው፣ ሁለት ገጽ። እኔና ካሸሯ ምሳችንን ትተን ሦስት ጊዜ አነበብነው። ጭማሪ አለ ወይስ የለም? የለም ማለቱ ነበር። የለም! ሦስት ፊደል። ቤት ኪራይ ከፋይ ለሆነ ሰው ሁለት ገጽ ተስፋ አስነብበህ የለም ማለት ግፍ ነው። ልጆቹ አሁን ብልሃት አግኝተዋል፣ እሱ በማሽን ያስረዘመውን እነሱ በማሽን ያሳጥሩታል። እሱ ሁለት መስመር ያስገባል፣ ሁለት ገጽ ይወጣል፤ እነሱ ሁለት ገጽ ያስገባሉ፣ ሁለት መስመር ይወጣል። መሐል ላይ ሰው የለም። የጥበቃው ሰውዬ ጠዋት በር ላይ «ይህ ፍተሻ በመልካም ሁኔታ እንደሚያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ» እያለ ሲፈትሸን ሳቅ በሳቅ ሆነን ነበር የምንገባው። እነዚያ የድሮ ደብዳቤዎች «ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብለው ሲጀምሩ ቢያንስ የሚጠይቅ ሰው ነበራቸው።

ቃለ ጉባኤውስ? በሰኔው ስብሰባ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ላይ አልስማማም ያልኩ እኔ፣ በማግሥቱ «ተሳታፊዎች በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል» የሚል ተልኮልኝ ፈርሚ ተባልኩ። ቀረጻውን ማሽን ነው ያጠቃለለው። ማሽኑ አማርኛችን ተደበላልቆበት ነው አሉኝ። አልፈርምም ስል «አታካብጂ» ተባልኩ።

የዚያችን ልጅ ነገር ደግሞ ስሟን አልጠራም፣ ታውቋታላችሁ። የሕክምና ወረቀቷን ኃላፊው በስልኩ ፎቶ አንስቶ እዚያው ቻትጂፒቲ ውስጥ አስገብቶ «የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍልኝ» አለ። የምን ሕመም እንዳለባት፣ የቱ ሐኪም እንዳያት፣ ሁሉንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል እኮ፣ ቁጥር 1321/2016። የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነው ይላል። የኮሪያው ሳምሰንግ እንኳን ሠራተኞቹ የውስጥ ኮዱን ቻትጂፒቲ ላይ ለጥፈው ስላገኛቸው በ2015 ሚያዝያ ላይ ከልክሎ ነበር። እነሱ ለኮዳቸው ሲሳሱ እኛ ለልጅቷ ገመና አልሳሳንም።

ቴክኖሎጂ ትጠላለች አለኝ። እኔ! ኤክሴል ላይ ቀመር ሲጠፋኝ እኔም እጠይቀዋለሁ፣ ረድቶኛልም። ቀመር ግን አያለቅስም። የግብር ሠንጠረዥ እናት የለውም።

ደክሞኛል ወገኖቼ። ማታ ሰርቪስ ውስጥ ከፊት ተቀመጥኩ፣ ጋሼ አጠገብ። ስለ ቅነሳው ገና አልሰማም፣ ማንም አልነገረውም። መብራት ይዞን ስንቆም ከኮቱ ኪስ ያቺን የታጠፈች ወረቀት አወጣ። ጠርዟ ተበልቷል።

«ልጄ፣ አንቺ መቼም ቢሮውን ታውቂዋለሽ» አለኝ። «ይቺን ደብዳቤ የጻፈልኝ ማን ነው? ፊርማው የአለቃ ነው፣ የጻፈው ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። አግኝቼ ላመሰግነው ብዬ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ክላክስ ነፉብን። ምንም አልመለስኩለትም፣ መገናኛ ወረድኩ።

ፔይሮል ሐሙስ ይዘጋል። ማስታወሻው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አልፈረምኩም።