«ሂሳቦች ይሸፍኑት»

እኛ የዩኒቨርሲቲው ስታቲስቲክስ ክፍል ዛሬም መምህር አጣን። ሰው ጠፍቶ አይደለም። ሰው መጥቶ፣ ተፈትኖ፣ አንደኛ ወጥቶ፣ በወረቀት ሰበብ ተሸኘ። ከሰው ሃብት ቢሮ አሁን መውጣቴ ነው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

የቅጥራችንን ነገር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንድ የስታቲስቲክስ ሌክቸረር ይቀጠርልን ብለን ስንጮህ ከረምን። ደብዳቤ ጻፍን። ማስታወሻ ጻፍን። የማስታወሻውን ማስታወሻ ጻፍን። በመጨረሻ በጀት አለ ተባለ። ማስታወቂያ ወጣ፤ ማንም አልመጣም። በድጋሚ ወጣ። በድጋሚው ጥቂት ሰዎች ተመዘገቡ። ከእነሱ አንዷ ይቺ ልጅ ናት።

ልጅቱ የመጣችው ከጎንደር ነው። በደብረ ታቦር አድርጋ፣ በወልዲያ። ያ መንገድ በዚህ ዘመን ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገርም። ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ዝግ ነው። ለምዝገባ መጣች። ለፈተና ደግማ መጣች። ምዝገባው «በአካል በመቅረብ» ነዋ! ወረቀት በስልክ ፎቶ ተነስቶ በሚላክበት ዘመን፣ ሰው ዶክመንት ለማሳየት ብቻ ግማሽ አገር እንዲያቋርጥ እናደርጋለን። ከዚያ «በቂ አመልካች አልተገኘም» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን። ኧረ እንዴት ይገኝ!

ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያው ሰሞን የእኛ ግቢ «በኢሜይል አመልክቱ» ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። በምን ኢሜይል? ዛሬ ኢንተርኔቱ ሲኖር ደግሞ በአካል ኑ። ይህን የሚወስን ሰው አንድ ቀን እንኳ ራሱን በአመልካቹ ቦታ አድርጎ አያውቅም።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ወጣች። ከዚያ ክፍል ገብታ አስተምራ እንድታሳየን ተደረገ። ርዕሱ ሴንትራል ሊሚት ቴዎረም። ከባድ ነው። ብዙ ሰው ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሰዓቱን ይጨርሳል። እሷ ግን ተማሪዎቹን «ስንት ወንድምና እህት አላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም ተናገረ፤ እየሳቁ። መልሱን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፈችው። ቁጥሮቹን በትንንሽ ወረቀት አስጻፈችና ካርቶን ውስጥ ጨመረቻቸው። ተማሪዎቹ በየተራ አምስት አምስት ወረቀት እያወጡ አማካዩን አሰሉ፤ ወረቀቶቹን መለሱ። እሷ እያንዳንዱን አማካይ በአንድ ነጥብ እየመዘገበች ሄደች። ነጥቦቹ መሀል ላይ እየተከመሩ፣ ወደ ዳር እየሳሱ መጡ። የወንድምና እህቱ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነበር። የአማካዮቹ ክምር ግን ደወል መሰለ። ቴዎረሙ የሚለው ይሄንኑ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «አሃ!» አለ። ጮክ ብሎ። እኔ ያንን «አሃ» ፍለጋ ነው እዚህ ግቢ የቆየሁት። ኮሚቴው ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ፈረምን።

ዛሬ ያንን ቃለ ጉባኤ ይዤ ሰው ሃብት ገባሁ። በሩ ክፍት ነው። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ኮሪደሩን ሞልቶታል። ከራሴ ተማሪዎች አንዱ ሳይቀር እዚያ ቆሟል።

«ይቺ አትሆንም» አለኝ ሰውየው፣ ቀና ሳይል።

«ምን ጎደላት ጋሼ?»

«የመጀመሪያ ዲግሪዋ ቴምፖራሪ ነው። ማስታወቂያው ኦርጅናልና የማይመለስ ኮፒ ይላል።»

«የወጪ መጋራት ዕዳዋን እየከፈለች ነው ጋሼ። አሁን ከምትሰራበት ከደሞዟ ይቆረጣል። ደብዳቤው ይኸው፣ ይመልከቱት። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቷም መጥቷል።»

ደብዳቤውን አልነካውም። «ከፍላ ስትጨርስ ትምጣ።»

አያችሁልኝ? ኦርጅናል ዲግሪ የሚሰጠው ዕዳው ሲያልቅ ነው፤ እስከዚያ ያለው ጊዜያዊው፣ ቴምፖራሪው ነው። ዕዳው የሚያልቀው ስራ ሲኖር ነው። ስራ የሚሰጠው ደግሞ ኦርጅናል ላለው ነው። ታዲያ የድሃ ልጅ በየት በኩል ይግባ? ወላጅ ያለው አንዴ ከፍሎ ይገላገላል። የሌለው እየተቆረጠበት ይኖራል። ይሄ ህግ የሚያበጥረው ጎበዙን ከሰነፉ ሳይሆን ያለውን ከሌለው ነው።

«ሴሚስተሩ እኮ አጋማሽ ደረሰ ጋሼ፣ መምህር ያልተመደበላቸው ኮርሶች አሉ» አልኩት። ተለማመጥኩ ማለት ይቻላል።

ይሄኔ እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየኝ። ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ወረፋው እንዲሰማ።

«ስማ መምህር! ስታቲስቲክስ ሂሳብ አይደለም እንዴ? ሂሳቦች ይሸፍኑት። ደግሞስ ተማሪ የላችሁ፣ መምህር ምን ያደርግላችኋል?»

ከኋላዬ ሰው ሳቀ። «የጤና ተማሪዎች፣ የግብርና...» ብዬ ስጀምር እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ «ቀጣይ!» አለ።

ቀጣይ! እኔን! ፊርማ የሞላበት ቃለ ጉባኤ በእጄ እንደያዝኩ። ተማሪዬ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አዘነልኝ መሰለኝ፤ እሱ ደግሞ ከሳቁ በላይ አቃጠለኝ። ጸሐፊዋ ኮሪደር ድረስ ተከትላኝ መጣችና «አብሽር ወንድሜ፣ ሁሉንም እንዲህ ነው የሚላቸው» አለችኝ። አላህ ይስጣት። ግን ሁሉንም እንዲህ ማለቱ እንዴት ማጽናኛ ይሆናል?

እዚያ ያላስጨረሰኝን እዚህ ልጨርሰው።

ተማሪ የላችሁም ይለኛል። አዎ፣ በስታቲስቲክስ የሚመረቁት ቀንሰዋል። በምን ምክንያት ቀነሱ? የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። አገር ሙሉ ተማሪ ጠፍቶ እኛ ከየት እንፍጠር? ደግሞ የእኛ መምህር ሲጀመር ለእኛ ተማሪዎች ብቻ ሆኖ አያውቅም። የጤና ተማሪው ባዮስታቲስቲክስ የሚማረው ከእኛ ነው። የግብርናው የሙከራ ዲዛይን ከእኛ ነው። ኢኮኖሚክሱ፣ ማኔጅመንቱ፣ ሶሾሎጂው፣ ሁሉም አንድ ኮርስ ከእኛ ይወስዳል። የአንድ መምህር መደበኛ የማስተማር ጭነት በሳምንት 12 ሰዓት ነው። እኛ ዘንድ 12 የሚያስተምር ሰው ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። የኦቨርሎዱ ክፍያ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ አትጠይቁኝ።

ሂሳቦች ይሸፍኑት ይላል። የሂሳብ ጓደኞቼ አትቀየሙኝ፤ እናንተም ሳትወዱ ነው የተጫነባችሁ። ሂሳብ ከተሰጠው ተነስቶ ያረጋግጣል። እኛ ግን «የተሰጠውን ማን ሰጠው? ከየት መጣ? ማን ቀረ?» ብለን ነው የምንጀምረው። ይሄ በመሸፈን አይገኝም።

ማስረጃ? የማንንም ቴሲስ ክፈቱ። «ለጥናቴ ስንት ሰው ልጠይቅ?» ለሚለው 384 የምትባል የናሙና ቁጥር አለች። 1.96 ሲባዛ በራሱ፣ ሲባዛ በ0.5፣ እንደገና በ0.5፣ ሲካፈል ለ0.05 ስኩዌር። 384 ነጥብ ምናምን። ላልመለሱ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 423። ይቺ ቁጥር በየላይብረሪው ተኮልኩላለች። የደም ግፊት ላጠናው 423። ስለ ንጽህና ላጠናው 423። ከመቶ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዘውን በሽታ ለሚያጠናውም ያው 423! ሰውየው የሚለካው ነገር 2 በመቶ፣ የስህተት ህዳጉ 5 በመቶ። ከዕቃው ስህተቱ በለጠ እኮ! ቀበሌ መርጦ ከቀበሌው ቤት የሚመርጠውም ያቺኑ ይዞ ይሄዳል፤ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ናሙናውን በዲዛይን ኢፌክት አባዝቶ ማሳደግ እንዳለበት የነገረው የለም። ኮርሱ «ተሸፍኖለታላ»! ቀመሩን ተምሯል። ቀመሩ መቼ እንደማይሰራ የሚነግረው ሰው ግን አልተቀጠረም።

ከዚያ ወደ ማን ይመጣል? ወደ እኛ። «ወንድሜ ዳታዬን አንዴ በኤስፒኤስኤስ ሩጥልኝ፣ ዲፌንሴ ሰኞ ነው።» ይህን የሚለኝ ዓርብ ከሰዓት ነው። ከዚያው ሰው ሃብት ቢሮ ሳይቀር የመጣ አለ፣ ማስተርሱን በማታ የሚማር። ያኔ «ሂሳቦች ይስሩልህ» አላልኩትም። ቁጭ ብዬ እስከ ማታ ሰራሁለት።

ሌላው የሚያናድደኝ የመውጫ ፈተና ነው። በ2015 ሲጀመር ውጤት በዲፓርትመንት ተደረደረ። ስብሰባ ላይ «ስታቲስቲክሶች ምን ሆናችሁ ነው?» ተባልን። በ2014 ጦርነት ኮምፒውተር ክፍላችን ባዶውን ቀርቶ፣ አርና ስታታ የሚባሉትን የዳታ ፕሮግራሞች በወሬ ያስተማርናቸው ልጆች ናቸው እኮ! መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ብርድ እየመታን፣ የሬግሬሽን ውጤት በጠመኔ እየጻፍን ነው ያስተማርነው። ያንን ማንም አልጻፈልንም። ውጤቱ ብቻ ተለጠፈ።

የነበሩን መምህራንስ የት ሄዱ? አልኮበለሉም፤ አቅቷቸው ነው። በኅዳር 2015 የዩኒቨርሲቲ መምህራን በደሞዝ ጉዳይ ስራ እስከማቆም ደርሰው ነበር። ከዚያ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይመራ ተባለና ኑሮው ጭራሽ ወጣ። የእኛን ሙያ ባንኩ ይፈልገዋል። ኤንጂኦው ለክትትልና ግምገማ ይፈልገዋል። እቤቱ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት ዳታ የሚሰራም አለ። ወላሂ አልፈርድባቸውም። ልጅ አላቸው። የሚገርመኝ የሄዱት አይደሉም። ኤንጂኦ ውስጥ እየሰራች፣ የተሻለ እየተከፈላት፣ «እኔ ማስተማር ነው የምወደው» ብላ ወደኛ የምትመጣ ልጅ መገኘቷ ነው። እሷን ነው የመለስነው።

ይሄ ደግሞ ወሎ ነው! ሌላው ቢቀር ወሎ ላይ ቆሞ የቁጥር ሰው አያስፈልግም ይባላል? በ1965 እና በ66 ረሃብ እዚህ ምድር ላይ ስንት ሰው እንዳለቀ እስከዛሬ የተስማማንበት ቁጥር የለም። አንዱ 40 ሺህ ይላል፣ ሌላው 200 ሺህ ይላል። በመሀሉ ያለው ልዩነት የሰው ነፍስ ነው። የአያቶቻችን ነፍስ። ረሃቡ ተደብቆ ሰው አለቀ። ሰውን በጊዜ የሚቆጥር፣ የተበላሸውን ሰብል በጊዜ የሚለካ፣ ቁጥሩን ሳይፈራ የሚናገር ባለሙያ ቅንጦት ነው? ስሪንቃ የምርምር ማዕከል የማሽላ ዝርያ የሚፈትነው በዚሁ እኛ በምናስተምረው ዲዛይን ነው። የሚፈትኑትን ልጆች ማን ያስተምራቸው?

አገሩስ ቢሆን? ህገ መንግስቱ አንቀጽ 103 ላይ የህዝብ ቆጠራ በየአስር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ነው። ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን። ከቆጠራው ማግስት የተወለደ ልጅ ዛሬ እኔ ክፍል ተቀምጦ ስለ ቆጠራ ይማራል፤ እሱ ራሱ ሳይቆጠር። እያንዳንዱ ጥናት፣ የስንዴ ኮታ፣ የክትባት እቅድ በግምት ላይ ግምት እየተደረበ ነው የሚሰራው። አንድ ቀን ቆጠራው ሲመጣ ባለሙያ የት ነው ይባላል። ያኔ ይህን ጽሑፍ አውጥቼ አሳያለሁ።

ለልጅቱ ደወልኩላት። ሌላ ሰው ከሚነግራት ብዬ። የጠበቅኩት ለቅሶ ወይ ቁጣ ነበር። «ችግር የለም መምህር፣ እኔ ለምጄዋለሁ። እርስዎ ብቻ አይጨነቁ» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዋ ይህን የለመደች ልጅ! ያንን ያህል መንገድ መጥታ፣ የመኝታና የትራንስፖርት ከኪሷ ከፍላ፣ እኔን ታጽናናኛለች። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።

አሁን ደግሞ «እስኪ ተረጋጋ፣ በሰላም ይፈታል» የምትሉ ትመጣላችሁ። ተረጋግቼ ነው እስከዛሬ የቆየሁት። ተረጋግቶ የተቀመጠ ዲፓርትመንት ሰው አልባ ሆነ እንጂ ምን አተረፈ?

ደብዳቤውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ለአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ግልባጭ ለዲን፣ ግልባጭ ለሰው ሃብት። ቃለ ጉባኤው፣ ትራንስክሪፕቷ፣ የዕዳ ክፍያ ደብዳቤዋ አባሪ ተደርገዋል። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው። ልጅቱ በቴምፖራሪው ትቀጠር፤ ኦርጅናሉን ዕዳዋ ሲያልቅ ታስገባ። ከአሁን በኋላ ደግሞ ምዝገባው በአካል መሆኑ ይቅር። ነገ ጠዋት መዝገብ ቤት ሲከፈት እዚያ ነኝ። ቁጥርና ማህተም ሳላስደርግ አልወጣም። የኮሚቴ አባላት፣ ዝም ያላችሁ ሁሉ፣ ፊርማችሁ እዚያ ቃለ ጉባኤ ላይ ስላለ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል መዝገብ ቤት በር ላይ እንገናኝ።