እርማት፦ የእርግዝና ደም ግፊት ከወሊድ ጋር አያበቃም

«የእርግዝና ግፊት እንግዴ ልጁ ሲወጣ አብሮ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ክትትል አያስፈልግም» የሚለው ምክር እናቶችን ይጎዳልና መታረም አለበት።

ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና ግፊት ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ ግፊት 140/90 እና ከዚያ በላይ ሲሆንና አብዛኛውን ጊዜ በሽንት ፕሮቲን ሲታይ ነው። መነሻው እንግዴ ልጁ ስለሆነ መፍትሔው መውለድ ነው፤ እስከዚህ ልክ ነው። ነገር ግን ግፊቱ ከወሊድ በኋላ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን እንደገና ሊያሻቅብ ይችላል፤ ብዙዋ አራስ ደግሞ ያኔ ቤቷ ናት። ግፊቱ 160/110 ከደረሰ፣ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ ጎድን በታች ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ነው። «ምች ነው» ተብሎ እባካችሁ አይጠበቅ።

ከዓመታት በኋላም ጣጣ አለው። ፕሪኤክላምፕሲያ የነበራት ሴት ለልብ ድካም ያላት ተጋላጭነት 4 እጥፍ፣ ለልብ ደም ስር በሽታና ለስትሮክ 2 እጥፍ ገደማ ነው። ምክንያቱም የደም ስሮች ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል፤ አንዳንዴም እርግዝናው ቀድሞ የነበረን ዝንባሌ ያጋልጣል። ሁሉም ይታመማሉ ማለት ግን አይደለም።

ስለዚህ ግፊት ከወሊድ በኋላ በ3 ቀን ውስጥ፣ በ10 ቀን ውስጥና በ6ኛው ሳምንት ይለካ፤ ከዚያ በየዓመቱ፤ ስኳርና ኮሌስትሮልም ይታይ። ሲለካ 5 ደቂቃ ጀርባን አስደግፎ መቀመጥ፣ ክንድን በልብ ትይዩ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ለጡት ማጥባት ሲባል የግፊት መድኃኒት በራስ ፈቃድ አይቋረጥ፤ እንደ ኒፌዲፒን ያሉት ከማጥባት ጋር ይስማማሉ። ለሚቀጥለው እርግዝና ሐኪም ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ አነስተኛ አስፕሪን ሊያዝ ስለሚችል ፕሪኤክላምፕሲያ እንደነበረ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይነገር።