ወላጅ ከበር ይመለስ?

ባለፈው ሳምንት የልጄ ትምህርት ቤት በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። የቅዳሜ የኮዲንግ ክለብ (ልጆች ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ የሚማሩበት) ሊከፈት ነው ይላል። ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ታች አነበብኩ። ተማሪው የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሰጣል። ወላጅ ልጁን አድርሶ ከበር ይመለሳል። ክፍያው በወር 3,500 ብር ነው። ክፍያው ላይ አልጨቃጨቅም፤ በዚህ ዘመን የማያስደነግጥ ክፍያ የት አለ?

ያንገበገበችኝ «ከበር ይመለሳል» የምትለዋ ናት።

ስብሰባ ተጠራ፣ ሄድኩ። እጄን አውጥቼ «ወላጅ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ቢል ምን ይጎዳል?» ብዬ ጠየቅሁ። አስተባባሪው ወጣት ነው፤ ቀልጣፋ፣ ስላይዱም ያማረ። ፈገግ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «እናቴ፣ ወላጅ ኮምፒውተር ስለማያውቅ ልጁን ያደናግረዋል። ልጆች ብቻቸውን ሲተዉ ነው የሚማሩት። የወንጪን ታሪክ ያውቁት የለ?»

«እናቴ» ያለኝን ይቅር ብየዋለሁ። ገና 41 ዓመቴ ነው፣ ግን ይቅር ብየዋለሁ። የቀረውን ግን አልለቀውም።

የወንጪን ታሪክ አውቀዋለሁ እንጂ። ነገሩ የሆነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ነው። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ ላይ ትምህርት ቤት ለማያውቁ ልጆች በካርቶን የታሸገ ታብሌት ሰጠ። መመሪያ የለ፣ አስተማሪ የለ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተናገረው አንዱ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ5 ወር ደግሞ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ዓለም ተደነቀ። እኛም በየስብሰባው ስንደግመው ይኸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆነን።

የማይደገመው ክፍል ግን አለ። ታብሌቶቹ ቻርጅ የሚደረጉት በፀሐይ ኃይል ነበር። እንዴት ቻርጅ እንደሚደረግ እንዲማሩ የተደረጉት የመንደሩ አዋቂዎች ናቸው። በየሳምንቱም ቴክኒሻን እየሄደ ሚሞሪ ካርዱን ይቀይር ነበር። «ብቻቸውን» የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው። ደግሞስ የተዘጋ ካሜራ መክፈትና ፕሮግራም መጻፍ ምን አገናኛቸው? ለመክፈቱማ የሰፈራችን ሞባይል ጠጋኝም ይከፍታል፣ ያውም እያወራ።

ስላይዱ ላይ በልጅነቷ ኮምፒውተር የጀመረችው የቴክኖሎጂ ባለሙያ የቤተልሔም ደሴ ፎቶም ነበር። ብቻዋን የተማረች ልጅ ምሳሌ ሆና መቅረቧ ነው። ታሪኳን ራሷ ደጋግማ ተናግራዋለች። ሐረር ነው ያደገችው። 9 ዓመት ሲሞላት ለልደቷ አባቷን ብር ጠየቀችው፤ የለኝም አላት። እሷም እዚያው አባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ ቪዲዮ ማቀናበርና የመሳሰለውን እየሠራች ብሩን አገኘችው። የአባቷ ሱቅ! አባትየው «ከበር ተመለሺ» ቢላት ኖሮ ዛሬ ፎቶዋን ማን ይለጥፈው ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «የማያውቅ ወላጅ ያደናግራል» ነው የተባለው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ማታ ማታ ግን ኩራዙን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ ስፌቷን ይዛ አጠገቤ ትቀመጣለች። «ጮክ ብለሽ አንብቢ» ትላለች። ስደናቀፍ ታውቃለች። ሳጭበረብርም ታውቃለች። አንድ ማታ የታሪክ መጽሐፍ እያነበብኩላት አስቆመችኝ። «ቆይ፣ ይሄ ንጉሥ ቅድም ሞተ አላልሽም? አሁን ከየት ተነሥቶ ነው የሚዘምተው?» መጽሐፉ ያረጀ ነበር፤ ቅጠሎቹ ተገንጥለው ቦታቸው ተቀያይሯል። እኔ አንባቢዋ አላየሁትም። ማንበብ የማትችለዋ አየችው።

ይህን ያነሣሁት ለትዝታ አይደለም። ያቺው እናቴ ዛሬ የልጄ የኮዲንግ ጓደኛ ናት።

ልጄ 8 ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለን፤ ባትሪው ሞቷል፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነው የሚሠራው። ስክራች ጭነንበታል። ስክራች አሜሪካ ኤም.አይ.ቲ በሚባል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 የወጣ፣ ትእዛዞቹ ባለቀለም ብሎኮች የሆኑ የልጆች መማሪያ ነው። ብሎኮቹን እየጎተትሽ ታገጣጥሚያቸዋለሽ፣ ድመቷ ትሄዳለች። በነፃ ነው። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም።

አንድ እሑድ ልጄ ድመቷን «ሁልጊዜ ሂጂ» ብላ አዘዘቻት። ድመቷ ሄደች ሄደች፣ የስክሪኑ ጠርዝ ጋ ስትደርስ ተቀረቀረች። ልጄ ደግማ ጫነችው። ያው ነው። ተናደደች፤ ላፕቶፑ ተበላሽቷል አለች። እናቴ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ተጠጋች።

«ምነው ጭራዋ ብቻ ቀረ?»

«እማማ፣ እሷ እንቢ ብላ ነው።»

«እንዴት እንቢ ትላለች? ምን ብለሽ ነው የላክሻት?»

«ሂጂ።»

«ግድግዳ ሲያጋጥምሽ ተመለሽስ ብለሻታል?»

ልጄ ዝም አለች። ከዚያ ጣቷ ብሎኮቹ ላይ መፈለግ ጀመረ። ጠርዝ ሲነካ የሚያስመልሰውን ብሎክ አገኘችው፣ ከሥሩ ገጠመችው። ድመቷ ዞረች። ተገልብጣ ነው የዞረችው፤ እግሯ ወደ ላይ ሆኖ። ይሄ ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ሦስታችንም ሳቅን እንጂ ማንም አልተደናገረም።

እናቴ ምን አደረገች? መልስ አልሰጠችም፤ መልሱንማ ከየት ታመጣዋለች! ልጅቷ ያዘዘችውን በቃሏ እንድትናገር ነው ያደረገቻት። ስትናገረው ጉድለቱን ራሷ ሰማችው። ፕሮግራመሮች ይህን በደንብ ያውቁታል። ኮዳቸው እንቢ ሲላቸው ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ ዳክዬ አስቀምጠው፣ ለዳክዬዋ መስመር በመስመር ያስረዳሉ። ቀልድ አይደለም፣ ስም ያለው የታወቀ ዘዴ ነው። እያስረዱ ስሕተታቸውን ያገኙታል። እንግዲህ ዳክዬ የምትረዳ ከሆነ እናቴ ከዳክዬ ታንሳለች? ያውም እናቴ መልሳ ትጠይቃለች።

እንዲያውም የሚያደናግረው እንደ እኔ ትንሽ የሚያውቀው ወላጅ ነው። እኔ ኤክሴል ስለምችል «ወዲህ በይው፣ እኔ ልሥራልሽ» እላለሁ። ማውሱን እቀማታለሁ። እናቴ ግን ማውስ መያዝ ስለማትችል አትቀማም። አስተባባሪው ማባረር ካለበት እኔን ያባርር፤ እሷን ግን የፊት ወንበር ላይ ያስቀምጣት።

የድግግሞሽን ብሎክ ስታይ ደግሞ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ይሄማ ስፌት ነው።» እውነቷን ነው። አለላውን ስትሰፋ ቆጥራ ነው። ቀይ ይህን ያህል፣ ጥቁር ይህን ያህል፣ ከዚያ ከመጀመሪያው። አንድ ቦታ ከሳትሽ ጥለቱ ይጣመማል፣ እስከ ስሕተቱ ድረስ ትፈቺዋለሽ። ልጄ ይህን ከሰማች ወዲህ ፕሮግራሟ ሲበላሽ ሁሉን አጥፍታ አታለቅስም። ወደኋላ እየፈታች ትፈልጋለች።

የራስ ላፕቶፕ የሚለው ግዴታም ከዚያው «ልጅ ብቻውን ነው የሚማረው» ከሚል አስተሳሰብ የመጣ ነው። ትልልቆቹ ባለሙያዎች እንኳ ሁለት ሆነው በአንድ ኮምፒውተር የሚሠሩበት ጊዜ አለ፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያያል። የእኛ የ8 ዓመት ልጅ ግን የግድ የራሷ ይኑራት ተባለ። ላፕቶፕ መግዛት ያልቻለው ወላጅ ልጅስ? እዚያ አዳራሽ ውስጥ ይህን የጠየቀ አልነበረም። ያልጠየቁት ስለማይመለከታቸው አይመስለኝም፤ አፍረው ነው።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ አንድ ነገር አምናለሁ። ነገ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሲማሩ ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ማምለጫ የለም። ግን ነገ ነው። ስክራች ቋንቋው ወደ አማርኛ ይቀየራል፤ መቼቱ ውስጥ ገብቶ መምረጥ ብቻ ነው። እኛ ቤት በአማርኛ ስለሆነ ነው እናቴ ሲነበብላት የምትገባበት። በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ዳክዬም አትሆንም ነበር።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ (ባትሪው ሞቷል ብያችኋለሁ) በባቄላ እንሠራለን። በዓለም ፕሮግራመሮች ዘንድ «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚባል ዘዴ አለ። ማባዛት የማይችል ሰው ግማሽ ማድረግና እጥፍ ማድረግ ብቻ ከቻለ ያባዛል። 13 ኪሎ ጤፍ በ140 ብር ስንት ነው? በግራ 13ን እያጋመስሽ ትርፍራፊውን ትጥያለሽ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 140ን ታጥፊያለሽ፦ 140፣ 280፣ 560፣ 1,120። በግራ ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር ያለበትን መስመር ትሰርዣለሽ፤ 6 ስለሆነ 280 ይወጣል። የቀረውን ትደምሪያለሽ፤ 1,820 ብር። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የ0 እና የ1 አሠራር በአጭሩ ይኸው ነው። ልጄ ባቄላውን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ከስልኬ ካልኩሌተር ጋር አመሳከረችው። እናቴ ግን በዚህ መንገድ ስታሰላ አይቻት አላውቅም። ነጋዴ ሊያታልላት ሲሞክር በጣቷ ቆጥራ ነው የምታሸንፈው።

ስብሰባው ላይ አንድ አባት ደግሞ ከኋላ ተነሡ። «ቆይ፣ ኮዱን ኤ.አይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው፣ ይጽፈው የለ እንዴ? የኤንቪዲያው ሰውዬ ራሱ ልጆቻችሁን ኮዲንግ አታስተምሩ አላለም?» አሉ። ብሏል ማለት ይቻላል። የኤንቪዲያ ኩባንያ መሪ ጄንሰን ሁዋንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 የካቲት ላይ፣ ዱባይ ውስጥ፣ ልጆች ሁሉ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማሩ የሚባለው ነገር አሁን ተቃራኒው ሆኗል፣ የፕሮግራም ቋንቋው የሰው ቋንቋ ይሆናል የሚል ሐሳብ ተናግሯል። ሰውየው ኤ.አይ የሚሠራበትን ቺፕ ነው የሚሸጠው። በርበሬ ሻጭ አልጫ ብሉ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እሺ፣ ትክክል ነው እንበል። ማሽኑ የሰው ቋንቋ ይሰማል። ታዲያ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? የምትፈልጊውን ሳታጎድይ መናገር አይደል? ግድግዳ ሲያጋጥም ምን ይሁን የሚለውን ቀድሞ ማሰብ አይደል? ይህን ደግሞ ልጄን ያስተማራት ሁዋንግም አይደለም፣ አስተባባሪውም አይደለም።

«5 ሚሊዮን ኮደሮች» በሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት ሥልጠና ላይም ቅሬታዬ ይኸው ነው። ከኤምሬቶች ጋር ሆነው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ሲጀምሩት አጨብጭቤያለሁ። ነፃ ነው፣ ከስልክም ከላፕቶፕም ይገባል፣ ምን ይወጣለታል? ግን የሚቆጠረው ሰርተፍኬት ነው። አንድ ዘመዴ ሦስት ሰርተፍኬት ፌስቡክ ላይ ለጥፏል፤ እንኳን ደስ አለህ ብለነዋል። ልጁ አጠገብ ግን አንድ ማታ ቁጭ ብሎ «ምን እየሠራህ ነው?» ሲል አላየሁትም። ልጁም አባቱ ምን እንደተማረ አያውቅም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ስልካቸው ላይ አቀርቅረው «እየተማሩ» ነው። እውነት 5 ሚሊዮን ሰው ከፈለጉ ግለሰብ መመዝገቡን ትተው ቤተሰብ ይመዝግቡ። አባት ከልጁ ጋር፣ አያት ከልጅ ልጇ ጋር። ሰርተፍኬቱንም ለሁለት ይጻፉላቸው።

ለትምህርት ቤቱ ያቀረብኩት ግን እንዲህ የሰፋ ነገር አይደለም። ኋላ ጥቂት የወላጅ ወንበር ይቀመጥ። ሁለት ልጅ በአንድ ላፕቶፕ ይፈቀድ። የመጀመሪያው ወር በአማርኛ ይሁን። ይህንኑ ግሩፑ ላይ ጻፍኩት። አሥራ አንድ ወላጅ አውራ ጣት ሰጠኝ፤ አንድም ሰው ግን ቃል አልጻፈም። አስተባባሪው «አስተያየትዎን ተቀብለናል» አለ። ይህች ዓረፍተ ነገር አማርኛ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን።

የመጀመሪያው ክፍል ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ነው። ሦስታችንም እንሄዳለን። እናቴ ነጠላዋን አጥባለች፣ ስፌቷንም ይዛ ነው የምትመጣው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «እማማ፣ ይመለሱ» የሚልበት አፍ ካለው እናያለን።