ይድረስ ለክቡር አቶ «ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ»

ጉዳዩ፦ የትውውቅ ጥያቄ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ግን በርትቶብኛል። ከተመረቅኩ ወዲህ ስምዎን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም። በየሥራ ማስታወቂያው ላይ አሉ። ከትምህርት ደረጃ ዝቅ ብለው፣ «ደመወዝ በስምምነት» ከሚለው ከፍ ብለው፣ ደልደል ብለው ተቀምጠዋል። ዲግሪዬን ይዤ ስጠጋ «እሳቸውስ የታሉ?» እባላለሁ። እርስዎን ማለታቸው ነው።

የት እንደሚገኙ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ሁሉም «ሥራ ቦታ ናቸው» ይለኛል። ሥራ ቦታ ለመግባት ደግሞ እርስዎን ይዞ መምጣት ግድ ነው። ይህን ነገር ለእናቴ ላስረዳት ስሞክር በጥሞና ሰማችኝና «ታዲያ የመጀመሪያው ሰው በየት በኩል ገባ?» አለችኝ። መልስ ካለዎት በቀጥታ ለእሷ ይጻፉላት። እኔ ማስረዳት ደክሞኛል።

ቅር አይበልዎትና፣ አንዳንዴ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረብዎትም። ማስታወቂያው በትልቁ «አዲስ ምሩቃን ይበረታታሉ» ይላል። ደስ ብሎኝ ወደ ታች ስወርድ እርስዎ እዚያው ቁጭ ብለዋል። አዲስ ምሩቅ፣ ግን ሁለት ዓመት የሠራ። በቀደም ደግሞ «ያለ ክትትል ራሱን ችሎ መሥራት የሚችል ተለማማጅ» የሚል አነበብኩ። ራሱን ከቻለ ምን ሊለማመድ ነው የሚመጣው? ደመወዝ ሳይከፈለው መኖርን ይሆናል።

ነገሩ በእኔ ላይ ብቻ ቢሆን ዕድሌ ነው ብዬ እተወው ነበር። እርስዎ ግን ፈጣሪውንም አያስገቡም። ሴባስቲያን ራሚሬዝ የሚባል ፕሮግራመር አለ። ፋስትኤፒአይ የተባለውን የሶፍትዌር መሥሪያ የፈጠረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የሥራ ማስታወቂያ እንዳየ ትዊተር ላይ ጻፈ። ማስታወቂያው በፋስትኤፒአይ ከ4 ዓመት በላይ የሠራ ሰው ይፈልጋል። ሰውየው ማመልከት አልቻለም። ነገርየውን ከፈጠረው ገና አንድ ዓመት ተኩል ነበር። ክቡር ሆይ፣ ምን ያድርግልዎት? ከመፍጠሩ በፊት ይለማመደው?

እኔ የደረስኩበትን ልንገርዎት። ቀጣሪዎች የሚፈልጉት እርስዎን አይደለም። ሌላ ሰው ያሠለጠነውን ሰው ነው የሚፈልጉት። ሁሉም ከዛፉ ጥላ ሥር ማረፍ ይወዳል፤ ችግኙን የሚተክለው ግን ሁልጊዜ ሌላ ድርጅት ነው። ያ ሌላ ድርጅት የት እንዳለ ደግሞ ማንም አይናገርም። እሱም ማስታወቂያ አውጥቶ እርስዎን እየፈለገ ነው።

ሲቪዬን ቢያዩት አንጀትዎን ይበላዎታል። ስም፣ ስልክ፣ ትምህርት። ከዚያ በደማቁ «የሥራ ልምድ» የሚል ርዕስ። ከሥሩ ባዶ። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትልብኛለች። ርዕሱን አጠፋሁት። ሲቪው ግማሽ ገጽ ሆነ። ፊደሉን ከ11 ወደ 12 አሳደግኩ። መስመሩን አራራቅኩ። አሁንም አልሞላም። «ቋንቋ» ላይ አፌን የፈታሁበትን «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ መሰከርኩ። «ክህሎት» ላይ ማይክሮሶፍት ወርድ ጨመርኩ፤ ማስረጃው ያው በእጃቸው ያለው ወረቀት ነው። «በሥራ ጫና ውስጥ መሥራት የምትችል» የሚለውንም አስገባሁ። ያችን ግማሽ ገጽ አንድ ገጽ ከማድረግ የበለጠ ጫና ካለ ያሳዩኝ።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ሲቪዬን እጭናለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ገጽ ሲቪው ላይ ያለውን በሙሉ አንድ በአንድ እንደገና ይሙሉ ይላል። እሺ፣ እሞላለሁ። «የቀድሞ አሠሪ ስም» ጋ ስደርስ አጠገቡ ቀይ ኮከብ አለች። ባዶ ትቶ ማለፍ አይቻልም። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ፎርሙም ቀጠለ፦ «በየለም የነበረዎት የሥራ መደብ?» ትንሽ አሰብኩና «ሥራ ፈላጊ» አልኩ። «ከየለም የለቀቁበት ምክንያት?» አለኝ። ገና አለቀቅኩም እኮ! አሁንም እዚያው ነኝ።

ይህን ሁሉ ከሞላሁ በኋላ መጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ ሰው አይደለም። ሶፍትዌር ነው። የማስታወቂያውን ቃላት ከሲቪው ቃላት ጋር ያመሳክራል፤ ያልገጠመውን ወደ ጎን ይላል። የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤትና አክሴንቸር የተባለው አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ከተጠየቁት ቀጣሪዎች 88 ከመቶው ብቁ የሆኑ ባለ ከፍተኛ ክህሎት አመልካቾች መስፈርቱ ቃል በቃል ስላልገጠመላቸው ብቻ እየተጣሉ መሆኑን አምነዋል። ልብ ይበሉ፣ ይህን ያሉት አመልካቾች አይደሉም። እኛማ ብንለው ማን ይሰማናል?

እኔም ብልሃቱን ይዣለሁ። ማስታወቂያው «የመረጃ ትንተና» ካለ፣ እውነት የሠራሁት ከሆነ፣ እኔም «የመረጃ ትንተና» እላለሁ። «ዳታ ማየት» ብዬ አልራቀቅም። ማሽን ቅኔ አይገባውም።

አንዳንዴ ታዲያ ሳይታሰብ ለኢንተርቪው እጠራለሁ። ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዷ ትጽፋለች፣ ሦስተኛው ሲቪዬን ያገላብጣል። ጀርባው ላይ ምንም የለም። መልሶ ይገለብጠዋል። አሁንም የለም። እርስዎን ነው የሚፈልገው።

«እስኪ ስለ ራስሽ ንገሪን» ብለው ይጀምራሉ። ይህች ጥያቄ ከትውልድ ቦታ ጀምሮ የሕይወት ታሪክ የምትጠይቅ ትመስላለች። አይደለችም። ምን ተማርሽ፣ ምን ሞከርሽ፣ ለምን እኛ ጋ መጣሽ፣ በአጭሩ፣ ነው ነገሩ። እሷን ካለፍኩ በኋላ ግን እርስዎ ስም ቀይረው ብቅ ይላሉ። «አስቸጋሪ ደንበኛ ሲገጥምሽ እንዴት ነበር የያዝሽው?» «ከአለቃሽ ጋር ያልተስማማችሁበትን አጋጣሚ ንገሪን።» አለቃ የለኝም! አለቃ ፍለጋ ነው የመጣሁት። ቢገኝልኝ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በሁሉም ነገር እስማማለሁ።

«ድክመትሽ ምንድን ነው?» የምትለዋንም አልረሳኋትም። «ሥራ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም» የሚለውን መልስ ያላስተማረኝ ሰው የለም። ጠያቂዎቹም ሰምተው ሰምተው ጠግበውታል፤ ሳይነገር ያውቁታል። እኔ አሁን እውነተኛ፣ ግን ሥራውን የማያፈርስ ድክመት ነው የምናገረው። ሰው ፊት ቆሜ ሳቀርብ እቸኩላለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ ጮክ ብዬ እለማመዳለሁ፣ ሰዓት ይዤ። አበቃ። ዓይናቸው ላይ ትንሽ እፎይታ አያለሁ።

ክቡርነትዎ ሳያውቁ የደረስኩበት ሌላም ነገር አለ። እርስዎን ባላገኝ ዘመዶችዎን አግኝቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አብረውኝ ኖረዋል፤ እኔ ነኝ ሳላውቃቸው የቆየሁት። አስቸጋሪ ደንበኛ አላውቅም፤ ምዕራፍ ሁለትን ደጋግሞ ያስጻፈኝን አማካሪ ግን አውቃለሁ። የቡድን መሪ ሆኜ አልተቀጠርኩም፤ ከአባላቱ ገሚሱ ስልክ አጥፍተው የተሰወሩበትን የቡድን ሥራ ግን በሰዓቱ አስረክቤያለሁ። ይህ በየትኛውም ድርጅት ውስጥ ቢሆን ኖሮ «የፕሮጀክት አስተባባሪ» ተብሎ መታወቂያ ይሠራለት ነበር።

አነጋገሩም መላ አለው። ሁኔታው ምን ነበር፣ የእኔ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረግኩ፣ ውጤቱ ምን ሆነ። በዚህ ቅደም ተከተል። «አደረግን» ሳይሆን «አደረግኩ» ብሎ። እኛ ምሩቃን ትሑት ነን መሰለኝ፣ ሁሉን ነገር «እኛ» እንላለን፤ ጠያቂው ግን «እኛ»ን በሙሉ አይቀጥርም። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ «ማስረከቢያው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሁለት ልጆች ጠፉ። ሥራውን እንደገና የማከፋፈሉ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። የቀረነውን ሰብስቤ ክፍሎቹን ለየሁ፤ የማያስፈልገውን አንድ ክፍል እንድንቀንስ አማካሪያችንን አስፈቀድኩ። በቀኑ አስረከብን።» ሲቪዬን ሲያገላብጥ የነበረው ሰውዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ አላነሳውም።

መጨረሻ ላይ «አንቺስ ጥያቄ አለሽ?» ይላሉ። «የለኝም» ማለት ጨዋነት ይመስል ነበር፤ ጨዋነት ሳይሆን ግድ የለሽነት ነው የሚመስላቸው። እኔ ሁለት እጠይቃለሁ። «በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከዚህ መደብ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይህኛው ይወደዳል። ሁለተኛው፣ «ሥራውን የሚያሳየኝ ማነው?» እዚህ ጋ ሦስቱም ይተያያሉ። ስለ ችግኙ ያልኩዎትን ካላመኑኝ ያን አስተያየት ቢያዩት ጥሩ ነበር።

አሁን ወደሚያሳፍርዎት ጉዳይ ልምጣ። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሃንተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው አንድ ነገር ጠየቁ፦ ሰው ሲቀጠር ከምንጠቀምባቸው መመዘኛዎች የትኛው ነው በኋላ የሚታየውን የሥራ ውጤት ቀድሞ የሚናገረው? ፍጹም የሚናገር 1 ያገኛል፤ ምንም የማይናገር ደግሞ 0። ሥራውን ራሱን በናሙና ማሠራት 0.54 አገኘ። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ በአንድ ዓይነት መስፈርት የሚታረም ኢንተርቪው 0.51። እርስዎ፣ ማለትም የተቆጠሩ ዓመታት፣ 0.18። ይህም በዛ ተባለና እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ስሌቱን እንደገና አዩት። የሌሎቹም ቀነሰ፤ ያ ወጥ ኢንተርቪው ግን በ0.42 ከፊት ተሰለፈ። የእርስዎ 0.07 ሆነ።

ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሰባት! በዚህች ውጤት ነው ደጃፍ ላይ ቆመው የሚመልሱኝ? እኔ በዚህ ውጤት አንድ ኮርስ አላልፍም ነበር።

አይሳሳቱ ክቡርነትዎ፣ ሥራን በሥራ መማር ከንቱ ነው አላልኩም። ሁለት ዓመት የሠራ ሰው እኔ የማላውቀውን ያውቃል። ግን ሁለት ዓመት የተቀመጠም እኮ ሁለት ዓመት ነው የሚቆጠርለት። ዓመቱን ከመቁጠር ሥራውን ሰጥቶ ማየት ይቀላል።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ይህ ገብቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ ሠላሳ ዓመት ግድም ሲሆነው ሥራ ፈልጎ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ደብዳቤ ጻፈ። እዚህ ቦታ ይህን ያህል ዓመት ሠርቻለሁ አላለም። መሥራት የሚችለውን ነው የዘረዘረው። የሚጓጓዝ ድልድይ፣ የከበባ መሣሪያ፣ መድፍ። ሥዕል መሣልም እንደሚችል የነገረው ወደ መጨረሻው ነው። ከዚያም የማይቻል የመሰላችሁ ነገር ካለ ሠርቼ ላሳያችሁ ዝግጁ ነኝ ብሎ ደመደመ። ዛሬ ቢሆን ፎርሙ «የቀድሞ አሠሪ ስም» ጋ ያቆመው ነበር። ድልድዩም ይቀራል፣ ሥዕሉም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ከማስታወቂያው ይውረዱ አልልም፤ ሰው ወንበሩን እንደማይለቅ አውቃለሁ። በእርስዎ ቦታ ለአንድ ቀን «ይህን ሥራ ሠርተሽ አሳዪን» የምትል መስመር ትቀመጥ። አንድ ቀን ብቻ። ካቃተኝ እርስዎ ይመለሳሉ፤ እኔም ወደ የለም እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። አምና ከእኔ ጋር ሆኖ ሲረግምዎት የነበረ አንድ ልጅ እርስዎን አግኝቷል አሉ። ደስ አለኝ። በቀደም መሥሪያ ቤቱ ሰው እንደሚፈልግ ሰምቼ ደወልኩለት። በጣም አዘነልኝ። ከዚያም «ውይ፣ ሦስት ዓመት ነው የሚፈልጉት፤ መስፈርቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለኝ። ምን አድርገውት ነው?

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የየለም የረጅም ጊዜ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ «ስለ ራስሽ ንገሪን»
ለአቶ «ደመወዝ በስምምነት»፤ እስከዛሬ ያስማማኝ ስላልነበረ
ለወይዘሪት «እንደውልልሻለን»፤ ስልኬ ክፍት ነው፣ ቻርጅም አለው