የነገሥታቱን ዕዳ የተሸከሙ ገጣሚዎች

በ589 የሰሜኑ የስዊ ጦር የያንግዚን ወንዝ ተሻግሮ የደቡብ መዲና ወደነበረችው ጂያንካንግ፣ ወደ ዛሬዋ ናንጂንግ፣ ሲገባ የቼን ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ቼን ሹባዎ ከሁለት እመቤቶቹ ጋር በቤተ መንግሥቱ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ተገኘ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ሹባዎ ግጥም ወዳድ ነበር። በግብዣዎቹ ላይ ባለሟሎቹንና የቤተ መንግሥቱን ሴቶች አንድ ላይ አስቀምጦ ያስገጥም፣ ከተገጠመውም የተዋበውን መርጦ በዜማ ያስዘፍን ነበር። ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱ፣ ስለ ኋላ እልፍኝ አበባ የሚያወሳው፣ በቻይናውያን ትውስታ የመንግሥት ውድቀት ምልክት ሆኖ ቀረ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ገጣሚ ዱ ሙ፣ የአገር መጥፋት ኀዘን ያልገባቸው ዘፋኝ ሴቶች ከወንዙ ማዶ ያንኑ ዘፈን ዛሬም ይዘፍናሉ ብሎ ከጻፈ ወዲህማ ፍርዱ በሰፊው ጸና። ፍርዱም፣ በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ቻይና ቤተ መንግሥቶች የተጻፈው ግጥም ልፍስፍስ፣ ለሥጋ ፈቃድ ያደረና ባዶ ነበር፤ አገሩንም ያጠፋው እሱ ነው የሚል ነው።

እኔ ይህን ፍርድ አልቀበልም። የማልቀበለውም ገጣሚዎቹ ሁሉ ቅን ሰዎች ስለነበሩ አይደለም፤ ነገሥታትና የጦር አለቆች የፈጸሙት ጥፋት በግጥም ላይ ስለተጫነና በዚያም የተነሳ በሁለቱ ክፍለ ዘመናት የተሠራ ታላቅ የጥበብ ሥራ በአግባቡ ሳይነበብ ስለኖረ ነው።

ፍርዱን በታሪክ መጽሐፍ ያሰፈሩት ስዊን የተካው የታንግ ሥርወ መንግሥት ሹማምንት ናቸው። ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ ከእሱ በፊት የነበሩትን መንግሥታት ታሪክ እንዲያዘጋጁ አዘዛቸው፤ እነሱም በ636 ጨርሰው አቀረቡ። ከመካከላቸው ስመ ጥሩው ዌይ ጄንግ ከቼን በፊት ደቡብን የገዛው የሊያንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ገጣሚዎችን ሥራ የወደቀ መንግሥት ድምፅ ሲል ፈረጀው። የዌይ ጄንግ ዓላማ ግልጽ ነው፤ ወጣቱን ንጉሠ ነገሥት ከተድላ ለመመለስ የሚያስፈራ ምሳሌ ያስፈልገው ነበር። ምክር ለመስጠት የተጻፈ ታሪክ ደግሞ ለመካሪው እንዲመች ተደርጎ መቀረጹ አይቀርም። የሚገርመው ታይዞንግ ራሱ በዚያው በተወገዘው ስልት መግጠሙ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ግጥም ገጥሞ አዛውንቱ ዩ ሺናን በተመሳሳይ ስልት እንዲመልስለት ቢጠይቀው፣ ሽማግሌው ከላይ ያለው የወደደውን ከታች ያለው ያበዛዋልና አልገጥምም ብሎ እንቢ አለ። ዩ ሺናን የቼንን ቤተ መንግሥት በዓይኑ ያየና በዚያው ስልት የተካነ ሰው ስለነበር ተቃውሞው ክብደት አለው። ንጉሡም ልፈትንህ ብዬ ነው ብሎ ሐር ሸለመው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳምነኝ በ620ዎቹ መጨረሻ የቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ ሲታደስ የተደረገው ክርክር ነው። ዱ ያን የተባለው ከፍተኛ ሹም ቼንን ያጠፋው ያ የኋላ እልፍኝ ዘፈን ነው፣ መንገደኛ ሲሰማው ያለቅስ ነበር ሲል፣ ታይዞንግ አልተስማማም። ደስታም ሐዘንም ያለው በሰሚው ልብ ነው፤ ሊወድቅ በተቃረበ መንግሥት ሥር የሚኖር ሕዝብ አስቀድሞ ልቡ የተከፋ ስለሆነ ያለቅሳል፤ ያው ዘፈን ዛሬም አለ፣ ባስዘፍንልህ ግን አታለቅስም አለው። ዌይ ጄንግም በዚህ ነገር ንጉሡን ደገፈ። እንግዲህ ስለ ዜማ ይህን ያህል የገባቸው ሰዎች ስለ ግጥም ሲሆን ለምን ተቃራኒውን ጻፉ? መልሱ በፖለቲካቸው ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አዲስ መንግሥት የተሸነፉትን መውቀስ አለበት፤ ገጣሚዎቹ ደግሞ ሞተዋል፣ ሥራቸው ግን በእጅ አለ፣ ለመውቀስም ይመቻል።

የቤተ መንግሥት ግጥም ሲባል ብዙ ሰው የሚገምተው ውዳሴን ብቻ ነው። ውዳሴ መኖሩን አልክድም፤ ነገር ግን የአሠራሩን ዝርዝር ያየ ሰው የሚያገኘው ጥብቅ የሙያ ትምህርት ቤት ነው። በ480ዎቹ ከሊያንግ በፊት የነበረው የደቡብ ቺ ሥርወ መንግሥት ልዑል ሺያዎ ዝሊያንግ ሌሊት ሌሊት ምሁራንን ሰብስቦ ሻማ ላይ ምልክት ያስቀርጽ ነበር፤ ሻማው አንድ ጣት ያህል ነዶ ምልክቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ስምንት ስንኝ ተገጥሞ ማለቅ ነበረበት። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ይህ ምን ይከብዳል ብለው የናስ ሳህን አስመትተው ድምፁ ሳይጠፋ ጨረሱ ይባላል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተጋባዥ መጠቀም ያለበት የቤት መምቻ ቃል ይታደለዋል። በ507 የሊያንግ ጦር የሰሜኑን ጦር ጆንግሊ ላይ ድል አድርጎ ሲመለስ ንጉሠ ነገሥት ሺያዎ ያን ግብዣ አደረገ፤ ቃላቱን የሚያድለውም ገጣሚው ሼን ዩዌ ነበር። ድል አድራጊው ጄኔራል ጻዎ ጂንግዞንግ እኔም ልግጠም ብሎ አስቸገረ። የቀሩት ሁለት ቃላት ብቻ፣ እነሱም አስቸጋሪዎች ነበሩ። ጄኔራሉ ብርዑን አንስቶ ወዲያው ጻፈ፤ ስንሄድ ልጆች አለቀሱልን፣ ስንመለስ መለከትና ከበሮ ተሽቀዳደሙልን፤ እናንት መንገደኞች፣ ከጥንቱ ጀግና ከሁዎ ቹቢንግ ጋር ስነጻጸር እንዴት ነኝ? አዳራሹ በአድናቆት ተሞላ። ወታደር እንኳ በአራት ስንኝ የድሉን ደስታና የመለየቱን ዋጋ አንድ ላይ ማኖር የቻለበትን ልማድ ባዶ ልማድ ማለት አይቻልም።

የሼን ዩዌ ስም ከተነሳ ትልቁን ሥራውን ማለፍ አይገባም። በቻይንኛ አንድ ድምፅ ሲነሳ፣ ሲወድቅ ወይም ሳይለዋወጥ ሲዘልቅ ትርጉሙ ይለወጣል። ሼን ዩዌ፣ ሺዬ ቲያዎ፣ ዋንግ ሮንግና ጓደኞቻቸው ከ483 እስከ 493 ባለው የዮንግሚንግ ዘመን እነዚህን የድምፅ ዓይነቶች አራት ብለው ከፍለው በስንኝ ውስጥ እንዳይደጋገሙና እንዳይጋጩ ሕግ አወጡ። ሺያዎ ያን ራሱ ከጓደኞቻቸው አንዱ የነበረ ቢሆንም በኋላ ነግሦ ሕጉን አልወደደውም። ሆኖም ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የታንግ ዘመን የታወቀበት ስምንት ስንኝ ያለው ሕግ ጠባቂ ግጥም የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

በንጉሥ አጠገብ መግጠም ደግሞ ምቾት ብቻ አልነበረም። በ208 ገጣሚውን ኮንግ ሮንግን የጦር አለቃው ጻዎ ጻዎ አስገደለው፤ ከገጣሚዎቹ ሉ ጂ በ303፣ ሺዬ ሊንግዩን በ433፣ ዋንግ ሮንግ በ493 በትእዛዝ ሞቱ፤ ሺዬ ቲያዎ በ499 በእስር ቤት አለፈ። በግጥሙ የሚመካ ንጉሥ ያገለገለው ባዎ ጃዎ ጌታውን ላለመብለጥ ሆን ብሎ ሥራውን ያበላሽ ነበር ተብሎ ተጽፎለታል። ሼን ዩዌም አንድ ቀን ከሺያዎ ያን ጋር ከክፍለ ሀገር በስጦታ ስለመጣ አንድ ፍሬ በጥንት መጻሕፍት የተጻፈውን ማን የበለጠ ያስታውሳል ብለው ሲወዳደሩ፣ ሆን ብሎ ከንጉሡ ሦስት አሳንሶ ጻፈ። ሲወጣ ግን ብበልጠው ኖሮ በኀፍረት ይሞት ነበር ብሎ ተናገረ፤ ወሬው ደርሶ ንጉሡ በብርቱ ተቆጣ። እነዚህን ሰዎች አድርባዮች ብቻ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው በየቀኑ የሚመዝኑትን አደጋ አላየም።

ወደ ዋናው ክስ ልምጣ። በ531 ልዑል አልጋ ወራሽ ሺያዎ ቶንግ ሲሞት ወንድሙ ሺያዎ ጋንግ ተተካ። በአልጋ ወራሹ ቤተ መንግሥት እሱ፣ አስተማሪው ሹ ቺ፣ የሹ ቺ ልጅ ሹ ሊንግ፣ ዩ ጂያንዉና ልጁ ዩ ሺን ያሳደጉት ስልት የቤተ መንግሥት ስልት የሚል ስም ወጣለት። አባትየው ሺያዎ ያን ሰምቶ ሹ ቺን ለመገሠጽ ጠርቶት ነበር፤ ካነጋገረው በኋላ ግን ቁጣው በረደ። ሺያዎ ጋንግ ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሰው በኑሮው ጥንቁቅ መሆን አለበት፣ በጽሑፉ ግን ልጓሙን ይፍታ ብሏል። ተቺዎቹ የያዙት ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው።

ከግጥሞቹ አንዱ በቀን የተኛች ሚስቱን ይገልጻል። የመኝታው ምንጣፍ ሽመና በእጇ አንጓ ላይ ማኅተሙን አትሟል፤ ላቡ ቀዩን ስስ ልብስ አርሶታል፤ በመጨረሻም ባሏ ሁልጊዜ አጠገቧ ነውና ሌላ ነገር እንዳትጠረጥሩ ይላል። ይህ ሴሰኝነት ነው ተብሏል። እኔ ግን የማነበው ከእሱ በፊት ማንም ቆሞ ያላየውን ነገር የማየት ትጋት ነው። ከአፍታ በኋላ የሚጠፋ የምንጣፍ ምልክት፣ በውኃ ላይ የሚንቀጠቀጥ ጥላ፣ የሚያልቅ ሻማ፣ እነዚህ የዚህ ስልት ርዕሶች ናቸው፤ ሁሉም ነገር ኃላፊ መሆኑን የሚያስተምረው የቡድሃ እምነት ሥር በሰደደበት ቤተ መንግሥት ሰዎች ኃላፊውን ነገር አተኩረው ማየታቸው የሚያስወቅስ አይደለም። አንድ ትክክለኛ ነቀፋ ግን አለ። በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ ሴቲቱ አብዛኛውን ጊዜ የምትታይ እንጂ የምታይ አይደለችም፤ በእሷ አፍ የሚናገረውም ወንዱ ነው። ሹ ሊንግ ባዘጋጀው የፍቅር ግጥሞች መድበል ውስጥ ግን የባዎ ጃዎ እህት ባዎ ሊንግሁዊና ሊዩ ሊንግሺያን በገዛ ድምፃቸው ይናገራሉ፤ ከጥንት ሴት ገጣሚዎች ብዙዎቹን ያተረፈልን ይኸው ተወቃሽ መጽሐፍ መሆኑን ወቃሾቹ አይነግሩንም።

ሊያንግን ማን አጠፋው? በ547 ሆው ጂንግ የተባለ የሰሜን ጄኔራል ከጌቶቹ ከድቶ መጣ፤ በ80ዎቹ ዕድሜ የነበረው ሺያዎ ያን የአማካሪዎቹን ማስጠንቀቂያ ትቶ ተቀበለው፤ ቆይቶም ከሰሜን ጋር ሊታረቅ ሲል ሆው ጂንግ አሳልፎ ሊሰጠኝ ነው ብሎ በ548 አመፀ። ወንዙን ያሻገረው የንጉሡ የገዛ ወንድም ልጅ ነው። ከተማው ከ130 ቀን በላይ ተከበበ። በውስጡ ከ100,000 የሚበልጥ ሰው እንደነበረና በመጨረሻ በቅጥሩ ላይ የቆሙት ከ4,000 እንደማይሞሉ የታሪክ ጸሐፊዎቹ መዝግበዋል። ጦር የነበራቸው መሳፍንት፣ የንጉሡ ልጆች ጭምር፣ ዙፋኑን እያሰቡ ዘገዩ። በቼንም ቢሆን፣ ስዊ ወንዙን ሲሻገር ከድንበር የተላከው አስቸኳይ ደብዳቤ ሳይከፈት ከአልጋ ሥር ተገኝቷል። ደብዳቤ የማይከፍት ንጉሥ ግጥም ባይወድም ይወድቅ ነበር።

ከሳሾቹ የሚጠቅሱት አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለ፤ እሱንም መሸሸግ አይገባም። ዩ ሺን በዚያ ከበባ የጀልባ ድልድዩን እንዲጠብቅ ወታደሮች ተሰጥተውት ነበር። ሸንኮራ አገዳ እየበላ ሳለ የብረት ጭምብል ያደረጉ ጠላቶች ብቅ አሉ፤ ቀስት የበሩን ምሰሶ ሲመታ አገዳው ከእጁ ወደቀ፣ እሱም ሸሸ። አሳፋሪ ነው። ነገር ግን ጥፋቱ የሾመውም ጭምር ነው፤ ለግጥም የተመረጠን ሰው የመዲናዋን በር የሚያስጠብቅ መንግሥት የሚታመመው በግጥም ሳይሆን በሹመት አሰጣጡ ነው። ዩ ሺን በ554 በመልእክተኝነት ወደ ሰሜን፣ ወደ ቻንግአን፣ ሄዶ ሳለ አገሩ በዚያው በሰሜን ጦር ተወረረ፤ እሱም እስኪሞት፣ እስከ 581 ድረስ፣ በዚያው እንዲቀር ተደረገ። በግዞት የጻፈው የደቡብ አገር ሙሾ መሳፍንቱንም ራሱንም የማይምር ሥራ ነው። ያንን ሙሾ የተሸከመው ስልት፣ የተመጣጠነው ስንኝና የተቀመረው ድምፅ፣ በአልጋ ወራሹ ቤት በሻማና በምንጣፍ ላይ የተለማመደው ስልት ነው።

ሺያዎ ጋንግ ደግሞ አባቱ በረሃብ ከሞተ በኋላ በሆው ጂንግ እጅ የስም ንጉሥ ሆኖ ታሰረ። ወረቀት ስላልነበረው በግድግዳና በበር ሳንቃ ላይ ብዙ ግጥም ጻፈ፤ በነፋስና በዝናብ ጨለማ ውስጥም ቢሆን ዶሮ መጮኹን አያቆምም የሚለውን የጥንት ቃል ጠቅሶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ሰው መሆኑን መሰከረ። በ551 ገደሉት። የሆው ጂንግ አማካሪ ጽሑፉን አንብቦ ቃሉ ስለከነከነው ግድግዳውን አስፋቀው፤ ከተከታዮቹ አንዱ ጥቂቱን በቃሉ ይዞ ባይወጣ ኖሮ አንዱም አይተርፍም ነበር። ሰውን በሚስቱ እንቅልፍ ላይ ስለጻፈ ልፍስፍስ ብለው የበየኑ ሰዎች ይህንን ከዚያ ጋር አስተያይተው ሊበይኑ ይገባቸው ነበር።

በ8ኛው ክፍለ ዘመን ታላቁ የታንግ ገጣሚ ዱ ፉ የዘመኑን ገጣሚ የሊ ባይን ግጥም ሲያወድስ ለማነጻጸሪያ የመረጠው ሁለት ሰዎችን ነው፤ ለንጹሕ አዲስነቱ ዩ ሺንን፣ ለነፃ ውበቱ ባዎ ጃዎን። ዌይ ጄንግ የወደቀ መንግሥት ድምፅ ካለው ወገን ዩ ሺን አንዱ ነበር፤ ዱ ፉ ግን ያንን ፍርድ እያወቀ ከዚያው ድምፅ ተማረ፣ መማሩንም አልደበቀም። እኔም ገጣሚን በገጣሚ ምስክርነት መመዘን ይሻላል ባይ ነኝ።